ያልተጠጣው ኮሶ

የብርጓል ጥቁር ከለበሰች ገና ዓመት አልሞላትም ነበር። ጣሊያን ማርቆስን ከያዘ በኋላ የጎጃም ገበሬ ሲነሣበት፣ ባሏ እንዳላማውም ጠመንጃውን አንግቶ ወደ ጮቄ ተራራ ወጣ። ከፋሲካ ወዲያ አንድ መንገደኛ በደም የጨቀየ ጋቢ ይዞ መጥቶ ከደጃቸው ቆመ። ጋቢውን የፈተለችው ራሷ ነበረችና ጥለቱን ገና ከሩቅ ለየችው። የእንዳላማው እናት እመት ወለተ ሐዋርያት ጋቢውን ታቅፈው ከደጅ እስከ ማጀት ተንከባለሉ። ሬሳ ባይመጣም ለቅሶ ተቀመጡ፤ ፍትሐት አስፈቱ፤ ራሳቸውን ተላጩ። የብርጓልን አባቷ ሊወስዷት መጥተው ነበር፤ እሷ ግን አሮጊቷን ብቻቸውን ጥላ መሄድ አልሆነላትም። አማትና ምራት ከአማኑኤል ወደ ማርቆስ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች ጎጆ ሁለት ሆነው ቀሩ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ፍልሰታ እንደተፈታ፣ የእኅቷ ልጅ ክርስትና ሊነሣ ነው ተብሎ ወደ አባቷ አገር ወደ ሮብ ገበያ ሄደች። በደረሰች በማግስቱ አባቷ፣ “ነይ እስቲ ጥጃዋን እይልኝ” ብለው ወደ በረት ወሰዷት። ከጥጃዋ ኋላ ጢሙ ደረቱ የደረሰ ሰው ከገለባው ላይ ተነሣ። እንዳላማው ነበር።

ጩኸቷን በነጠላዋ አፈነችው። ፊቱን፣ ክንዱን፣ ትከሻውን በእጇ ስትዳስስ ቆይታ፣ “ጋቢውስ?” አለች በመጨረሻ።

“ለዋኘው አልብሼው ነበር። ብርድ ብርድ እያለው ሲንቀጠቀጥ አውልቄ ሰጠሁት። በነጋታው ተኩስ ሲከፈት እሱ ወደቀ።” እንዳላማው ፊቱን አዞረ። ዋኘው የጎረቤት ልጅ ነው፤ አብረው ያደጉ፣ አብረው የሸፈቱ።

“እናትህ በቁማቸው አለቁ እኮ። ልንገራቸው።”

“እንዳትነግሪያት! የሸፈተ ሰው ቤት ይቃጠላል፤ የሞተ ሰው ቤት ግን ዞር ብሎ የሚያየው የለም። እናቴን ታውቂያታለሽ። ደስታ በሆዷ አይቀመጥም፤ በማግስቱ ፊቷ ላይ አይቶ አገሩ ሁሉ ያውቀዋል። ማይልኝ።”

ማለችለት። አንድ ሳምንት አብረው ሰነበቱና እሱ ወደ ጮቄ፣ እሷ ወደ አማቷ ተመለሱ።

የመስቀል ደመራ ከተለኮሰ በኋላ የብርጓልን ያቅለሸልሻት ጀመር። ጧት ጧት ምራቋ አፏን ይሞላል፤ የወጥ ሽታ ከቤት ያስወጣታል፤ ልብሷ ሰፋት። ሁለት ወር አበባዋን ሳታይ ስትቀር ነገሩ ገባት። እየሣቀችም እያለቀሰችም ከጓሮ ተቀመጠች። የሞተ ሰው ሚስት አርግዛለች ቢባል ከሁለት አንድ ነው፤ ወይ እሷ ባለጌ ናት፣ ወይ ሰውየው አልሞተም። ሁለተኛውን ባንዳ ከሰማ ቤቱም ሰዉም አይተርፍም።

እመት ወለተ ሐዋርያት ግን የምራታቸውን መክሳት በሌላ ተረጎሙት። ለመስቀል ጥሬ ሥጋ አብረው በልተዋል። አንድ ቀን የብርጓል ከጓሮ ስትመለስ እሳቸው ወደዚያው ሄደው ነጫጭ ቁርጥራጮች አዩ።

“አንቺዬ፣ ኮሶ ታይቶብሽ ዝም ትያለሽ? እኔ ደግሞ ሐዘኑ በላብኝ ብዬ ስንገበገብ! ነገ እወቅጥልሻለሁ።”

ነገሩ እውነት ነበር፤ ኮሶም ነበረባት። ግን ኮሶ ነፍሰ ጡር እንደማትጠጣ፣ ሆድ እንደሚያጥብና ፅንስ እንደሚያስወርድ የብርጓል ከልጅነቷ ጀምራ ታውቃለች። እመት ወለተ ሐዋርያትም ያውቃሉ፤ መንደሩ ውስጥ ኮሶ ልኩን ጠብቆ በመውቀጥ የእሳቸውን ያህል የሚታመን አልነበረም። ባሏ የሞተባት ሴት እርጉዝ ልትሆን ትችላለች ብለው ግን በምን ያስቡት?

በማግስቱ ጧት በባዶ ሆዷ ቅሉን ሰጧት። ቀዩ ዱቄት ውሃው ላይ አረፋ ሠርቶ ይንሳፈፋል። “አፍንጫሽን ይዘሽ አንዴ ገልብጪው” አሏትና ላሚቱን ሊያስሩ ወጡ። የብርጓል ቅሉን ይዛ ከቤቱ ኋላ ሮጣ ከአመድ መድፊያው ላይ ደፋችው፤ አመድ አለበሰችበት። ሲመለሱ አፏን እየጠረገች ፊቷን አጨማድዳ ጠበቀቻቸው። እስከ ማታም ወደ ጓሮ ስትመላለስ ዋለች።

“ራሱ ወጣ?” አሏት። የትሉ ራስ ካልወጣ ተመልሶ ያድጋልና ዋናው ጥያቄ ይኸ ነው።

“ወጣ እሜቴ።”

ውሸቷ የቆየው ለሁለት ሳምንት ብቻ ነው። ማቅለሽለሹ አልተዋትም። እመት ወለተ ሐዋርያት አንድ ጧት ስታስመልስ ቆመው ሲያይዋት ከቆዩ በኋላ፣ “አልወጣም። የወቀጥሁልሽ አንሶሽ ነው። ለነገ ጨመር አድርጌ እወቅጣለሁ፤ አሁን ደግሞ አጠገብሽ ቁጭ ብዬ ነው የማጠጣሽ” አሉ።

የብርጓል ደነገጠች። ሌላ ሰበብ አጥታ፣ “እሜቴ፣ ኮሶው አልተስማማኝም፤ አንጀቴን ቆረጠኝ። ማርቆስ ሐኪም ቤቱ ይውሰዱኝ” አለች። ከአማቷ እጅ ለማምለጥ ያህል የተናገረችው ነበር፤ እሺ ይሉኛል ብላ አላሰበችም።

አሮጊቷ ሙቀጫውን አስቀመጡ። “ልጄን ከገደለ ሰው ደጅ?” አሉ። ሙቀጫውን በእግራቸው ወደ ጥግ ገፉት። “እሺ። ልጄን ነጠቁኝ። አንቺን የሚያድኑልኝ ከሆነ እሄዳለሁ፤ እግራቸውንም እስማለሁ።”

የብርጓል ይህን ስትሰማ እውነቱን ልትነግራቸው ቃጣት። ግን መሐላው ያዛት።

ሐኪም ቤቱ በቆርቆሮ የተሸፈነ ረዥም ቤት ነበር። በር ላይ ወታደር ቆሟል። ተራቸው ደርሶ ሲገቡ ሐኪሙ፣ ቀጭን ጣሊያናዊ፣ ጠረጴዛው ላይ ክርኑን አስደግፎ ነበር። ከጎኑ የቆመው ረዳቱና አስተርጓሚው የማርቆስ ሰው ነው፤ ስሙ ገብረ ኪዳን ይባላል። ካፖርቱ ነጭ፣ ፊቱ የማይነበብ።

“ምንሽን ያምሻል?”

እመት ወለተ ሐዋርያት ቀደሟት። “ኮሶ ነው ጌታዬ። ቁርጥራጩን በዓይኔ አይቻለሁ። እኔ ያጠጣኋት አልነቀለላትም። ምራቴ ናት፤ ባሏ አንድ ልጄ ነበር፣ ሞተብኝ። የቀረችኝ እሷ ብቻ ናት።”

ገብረ ኪዳን ተረጎመ። ሐኪሙ ዓይኗን ገልጦ አየ፣ የልብ ምቷን አዳመጠ፣ ጥቂት ተናገረ። ገብረ ኪዳን ጠየቃት፦ ልብሽን ያምሻል? ትላንት ቅባት ያለው ምግብ በልተሻል? ዛሬስ እህል ቀምሰሻል? ሁሉንም መለሰች። ሐኪሙ አንድ ነገር ጨምሮ ሊጠይቅ ሲል ገብረ ኪዳን ጥቁር ልብሷን በአገጩ አመለከተና በጣሊያንኛ መለሰለት። ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ። የብርጓል ቋንቋውን ባትሰማም ነገሩን ገምታዋለች። መበለት ናት ተብሎ ጥያቄው ታለፈ።

ጠቆር ያለ አረንጓዴ መድኃኒት በትንሽ ብርጭቆ መጣ። እዚያው ፊታቸው ላይ ነው የሚጠጣው፤ ደብቆ መድፋት የለም። ብርጭቆውን ተቀበለች። አማቷ ከጎኗ ሆነው፣ “በርቺ ልጄ፣ አንዴ ነው” ይላሉ። በር ላይ ያለው ወታደር ያዛጋል። መድኃኒቱ ቅጠል ቅጠል ይሸታል። ልትናገር ብትል የሚሰማት ሰው የጣሊያንን እንጀራ የሚበላ ነው። ዝም ብላ ብትጠጣ ደግሞ ሆዷ ውስጥ ያለው ማንም ሳያውቀው እንደመጣ ማንም ሳያውቀው ይሄዳል። ግራ እጇ ሳታስበው ወደ ሆዷ ሄደ።

“ጌታዬ፣” አለች፣ ድምጿ ለራሷም የማይሰማ እየመሰላት፣ “ይኸ መድኃኒት ለሰው ሁሉ ይሆናል?”

ገብረ ኪዳን ቀና አለ። “ለሁሉም አይሆንም። ለሕፃን አይሰጥም። ልቡን ለሚያመው አይሰጥም። ለነፍሰ ጡርም አይሰጥም።” የመጨረሻውን ሲናገር እጇን እያየ ነበር። “ለምን ጠየቅሽ?”

ብርጭቆውን ከጠረጴዛው ላይ መልሳ አስቀመጠች።

ገብረ ኪዳን ወደ አሮጊቷ ዞረ። “እናቴ፣ እስቲ ለአፍታ ደጅ ይቀመጡልኝ። ልመረምራት ነው።” እመት ወለተ ሐዋርያት ቅር እያላቸው ወጡ።

“ስንተኛ ወርሽ ነው?” አለ ዝቅ ባለ ድምፅ።

“ሦስተኛዬን ይዣለሁ።”

“ባልሽ የሞተው መቼ ነው?”

“ከፋሲካ በኋላ።”

ገብረ ኪዳን በሆዱ ሲቆጥር ታያት። ከፋሲካ እስከ ኅዳር። የብርጓል ዓይኗን ጨፈነች። አሁን ወታደሩን ይጠራዋል አለች በልቧ። ረዳቱ ግን ብርጭቆውን አንሥቶ ከፊቷ አራቀውና ወደ ሐኪሙ ዞሮ ረዘም አድርጎ ተናገረ። ሐኪሙ መጀመሪያ ተቆጣ፤ ብርጭቆውን እያመለከተ፣ ገብረ ኪዳንን እያመለከተ ጮኸበት። ገብረ ኪዳን አንገቱን ደፍቶ ሰማው። ቀጥሎ ሐኪሙ ወደ እሷ ዞሮ ጣቱን እያወዛወዘ ተናገረ፤ ቁጣው ግን ለእሷ የሚራራ ዓይነት ነበር።

“ሳልጠይቅሽ በመቅረቴ ነው የተቆጣኝ። እውነቱን ነው” አለ ገብረ ኪዳን። “ልብስሽን አይቼ ፈረድሁ። የሞተው የቀድሞ ባሏ ነው፤ አሁን ያገባችው ነጋዴ ደጀን ወርዷል ብዬዋለሁ። አንቺም የጠየቀሽ ካለ እንደዚያው በይ። አሁን የምልሽን ስሚ። ይኸን መድኃኒት አትጠጭም። ኮሶም አትጠጭም፤ እንቆቆም፣ መተሬም፣ ሌላም ሥር ማሽ ቢሉሽ እንቢ በይ። ለሌላ ሰው የተሰጠ መድኃኒት ቢያካፍሉሽም አትቀበይ፤ ልኩ ለሰውየው ነው እንጂ ላንቺ አይደለም። ትሉ ይቆያል፤ አይገድልሽም። እሱ የሚበላብሽን ያህል ጨምረሽ ብይ። ሥጋ ካገኘሽ ደህና አድርገሽ አብስዪ። ወልደሽ፣ ጡት አስጥለሽ፣ ሰውነትሽ ሲመለስ ትመጫለሽ። ያን ጊዜ የሚሰጥሽ ሰው ባይጠይቅሽ እንኳ አንቺ ንገሪው።”

“ጌታዬ፣ እግዜር…”

“ሂጂ። ሰው እየጠበቀ ነው።”

ከማርቆስ ወጥተው ሜዳው እስኪጀምር እመት ወለተ ሐዋርያት ጠየቋት፤ ደጋግመው ጠየቋት። “ምን አለሽ? ለምን ከለከሉሽ? የማይድን ነገር አገኙብሽ እንዴ?” አንድ የጽድ ዛፍ ሥር ሲደርሱ የብርጓል ቆመች። አሮጊቷ በፍርሃት ሲጨነቁ እያየች ከዚህ በላይ መቆየት አልቻለችም።

“ቁጭ ይበሉ እሜቴ። የሚያሠጋ ነገር አይደለም። መድኃኒቱን የከለከሉኝ ነፍሰ ጡር ስለሆንሁ ነው።”

እመት ወለተ ሐዋርያት አልተቀመጡም። ጥቁር ልብሷን ከላይ እስከ ታች አዩት።

“የልጄ ዓመቱ ሳይወጣ?” አሉ። “በልጄ ሙት? በልጄ ጎጆ?” በበትራቸው መሬቱን መቱ። “ከማን ነው? ተናገሪ!”

“ከልጅዎ ነው።”

“የሞተ ሰው ይወልዳል?”

“አልሞተም። በነሐሴ አባቴ ቤት አግኝቼዋለሁ። እንዳልነግርዎ አስምሎኝ ነበር፤ ይኸው መሐላዬን አፈረስሁ። የሞተው ዋኘው ነው። እንዳላማው ጋቢውን አልብሶት ነበር።”

አሮጊቷ አላመኗትም። ፊታቸው ላይ ታየ። የብርጓል የሚያሳምን ነገር ስትፈልግ እንዳላማው በበረቱ ውስጥ መጨረሻ ላይ የተናገረው ትዝ አላት። “ሊሄድ ሲል፣ ‘እናቴ የመንጋጋ ጥርሷ ሲያማት ነበር፤ ተሻላት?’ ብሎ ጠየቀኝ። እኔ አላውቅም አልሁት።”

እመት ወለተ ሐዋርያት እጃቸውን ወደ ጉንጫቸው ሰደዱ። “ለሱ ብቻ ነው የነገርሁት” አሉ ቀስ ብለው። “ሊወጣ ሲል። ለእሱ ብቻ።” ከዛፉ ሥር ሸርተት ብለው ተቀመጡ። ከደረታቸው እልልታ ሲነሣ በእጃቸው አፋቸውን ግጥም አደረጉት፤ ከወዲያ ካሚዮን ይጮሃል። ወታደር የጫነ ካሚዮን አቧራውን እያቦነነ አለፈ። መንገድ ዳር አንገታቸውን ደፍተው የሚያለቅሱ ሁለት ጥቁር ለባሾችን ልብ ያላቸው አልነበረም።

አቧራው ሳይረግብ አሮጊቷ ድንገት ብድግ አሉ። “ኮሶው!” አሉ። “ወይ እኔ! በገዛ እጄ አጠጣሁሽ! የልጄን ልጅ በገዛ እጄ…”

“አልጠጣሁትም።”

“ምን?”

“ከአመድ መድፊያው ላይ ደፋሁት። ስመላለስ የዋልሁትም ውሸቴን ነው።”

እመት ወለተ ሐዋርያት አፋቸውን ከፍተው አዩዋት። “አንቺ ቀጣፊ!” አሉ፤ ከዚያ ግንባሯን፣ ጉንጯን፣ እጇን፣ ሆዷን ሳሙት። “ቀጣፊ! እግዜር ይባርክሽ! እኔ ጅሏ ደግሞ ጨምሬ ልሰጥሽ ነበር!” እንባና ሣቅ ተቀላቅሎ ያንቃቸዋል። ሲረጋጉ ግን ድምፃቸው ተለወጠ። “ሥራነሽስ?” አሉ። የዋኘው እናት ናቸው። “ለቅሶዬ ላይ እስኪነጋ አብራኝ ስታለቅስ የነበረችው ለገዛ ልጇ ኖሯል። አሁንም ይመጣል ብላ መንገድ ታያለች።”

ለሥራነሽ አሁን ቢነገራቸው ምሥጢሩ ሁሉ እንደሚፈርስ ሁለቱም ያውቃሉ። እመት ወለተ ሐዋርያት ጥቁር ልብሳቸውን አስተካከሉ። “ይኸን አላወልቀውም። ለዋኘው ይሁን” አሉ። “ላስመስል አይደለም፤ አለቅስለታለሁ።”

ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገሩን በእጃቸው ያዙት። ለጎረቤት፣ “ምራቴ ኮሶው አልለቃት አለ፤ ሐኪምም መለሳት። ሮብ ገበያ ወደ አባቷ ወስጄ ጠበል አስጠምቃታለሁ” አሉ። መንደሩ አዘነላት እንጂ አልጠረጠረም። በእግራቸው ራሳቸው አደረሷት፤ ለአባቷም፣ “ማንም እንዳይወቅጥላት፣ ማንም እንዳያጠጣት” ብለው አስጠነቀቁ። እሳቸው ወደ ጎጆአቸው ተመለሱ። በበጋው ወራት ኮሶ ወቅጪልኝ ብላ የምትመጣ ሴት ሁሉ ከእሳቸው ዘንድ መጀመሪያ ከባል፣ ከአማት፣ ከልጅ ተለይታ ለብቻዋ ትጠየቅ ጀመር። ዕድሜዋንም ሁኔታዋንም አይተው አይዘልሉም። አንዲቱ ሳቀችባቸው፤ ሌላይቱ ግን፣ ሦስት ልጆች ያላት አይናዲስ የምትባል፣ እያፈረች፣ “ለባሌም ገና አልነገርሁት” አለቻቸው። እመት ወለተ ሐዋርያት ኮሶውን ወደ ስልቻው መለሱት።

የብርጓል በግንቦት ሴት ልጅ ወለደች። ትንሽ ናት፤ ግን ጩኸቷ በረቱን ያናውጣል። እመት ወለተ ሐዋርያት ዘመድ ልጠይቅ ብለው ወጥተው መጡ። ሕፃኗን ታቅፈው ተቀምጠው ሳሉ ከደጅ አንድ ጢማም ሰው ጎንበስ ብሎ ገባ። አሮጊቷ ሕፃኗን ለእናቷ ሰጡ። ተነሡና በትራቸውን አንሥተው ልጃቸውን ትከሻው ላይ አንድ ጊዜ መቱት። “ይኸ ለለቅሶዬ” አሉ። ከዚያ በትሩ ከእጃቸው ወደቀና አንገቱ ላይ ተንጠለጠሉ።

“ጥርስሽ ተሻለሽ?” አለ እንዳላማው።

“ወልቋል” አሉ።

ጣሊያን ከማርቆስ የወጣ ሰሞን እመት ወለተ ሐዋርያት ሥራነሽን ቤታቸው ድረስ ሄደው ለብቻቸው ነገሯቸው። ያን ቀን ሁለቱ አሮጊቶች ተቃቅፈው ያለቀሱትን መንደሩ ሁሉ ሰማው፤ ጋቢውንም ለዋኘው እናት ሰጧቸው።

የብርጓል ልጇን ጡት ካስጣለች በኋላ ወደ ማርቆስ ወረደች። ሐኪሙ ሌላ ሰው ሆኗል። ያለፈውን አንድ ሳታስቀር ነገረችው፤ መርምሮ፣ እንዳልፀነሰች አረጋግጦ፣ ልኩን ሰጣት። መድኃኒቱ መራራ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ወዘወዛት። ማታ ላይ ግን ትሉ ከነራሱ ወጣላት። ቤቷ ስትገባ እንዳላማው የበሰለ የበግ ሥጋ አቅርቦ ጠበቃት፤ ለዓመታት ያልበላች ይመስል ተቀመጠችና በላች። ትንሿ ልጅ ከጉልበቷ ላይ ሆና ከምትጎርሰው ላይ እየነጠቀች ታኝክ ነበር።